መለካት፣ መስፈርና መመዘን አንድ አይደሉም



ባለፈው ረመዷን ማብቂያ ላይ በጀመዓችን የዘካተል ፊጥር እደላ ላይ የነበራችሁ የተነሳውን ክርክር አትረሱትም። ለአንድ ሰው 2.5 ኪሎ እንዲሰጥ ተወስኖ፣ 1 ኩንታል ስንዴና 1 ኩንታል ገብስ ተገዝቶ ነበር። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ስለሆነ ለ2.5 ሲካፈል ለ40 ሰው ይበቃል። ሚዛኑ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ሰልፉ ደግሞ ረጅም። በዚህ መሀል አንድ ወንድማችን ዘዴ አመጣ። 2.5 ኪሎ ስንዴ በሚዛን መዘነና ትልቅ ጣሳ ውስጥ ገልብጦ፣ እህሉ የደረሰበት ላይ በማርከር አሰመረ። ከዚያ ወዲያ ሚዛኑ ቀርቶ በጣሳው መስፈር ሆነ። ስንዴው ልክ እንደታሰበው ለ40 ሰው ደረሰ። ገብሱ ግን 40ኛው ሰው ድርሻውን ወስዶ ሲሄድ ገና ከማዳበሪያው ስር ብዙ ቀርቶ ነበር። መስፈር ቀጠልን፤ 50 ሰው ላይ አለቀ።

"ሱብሓነላህ! በረካ ነው" ያለ ነበር። "የምን በረካ! የ40 ሰው ሐቅ ለ50 ተካፍሎ ነው፤ ይህ ማጉደል ነው" ያለም ነበር። ነገሩ ተካሮ ሁለት ጓደኛሞች በዒድ ዋዜማ ተኮራርፈው ተለያዩ። እኛም የኮሚቴው አባላት ማን ትክክል እንደሆነ መልስ አልነበረንም። ከመካከላችን ኢንጂነሪንግ የሚማሩ፣ ፊዚክስ የሚማሩ፣ አካውንቲንግ የሚማሩ ነበሩ። ማናችንም አልመለስንም።

መልሱ ከዒድ በኋላ ረጋ ብለን ስናስበው ቀላል ሆኖ አገኘነው። 1 ሊትር የሚይዝ ዕቃ በስንዴ ቢሞላ 770 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያው ዕቃ በገብስ ቢሞላ 620 ግራም ገደማ ነው። ጣሳው ላይ የተሰመረው መስመር 2.5 ኪሎ ስንዴ ስለያዘ፣ ይዘቱ 3.25 ሊትር ገደማ ነበር ማለት ነው። በዚያው መስመር ልክ የተሞላ ገብስ ግን 2 ኪሎ ብቻ ይሆናል። 100 ኪሎ ለ2 ሲካፈል 50 ነው። ተአምር አልነበረም፤ ሌብነትም አልነበረም። አንዱ ወንድማችን ስለ ይዘት ሲናገር ሌላው ስለ ክብደት ይናገር ነበር። ሁለቱም "ልክ" እያሉ ነበር፤ ግን የአንድን ነገር ልክ አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ለዚህ ነው። ብዙዎቻችን ቁጥርን እንጂ ቁጥሩ የምን ልክ እንደሆነ መጠየቅ አልለመድንም። "ስንት ነው?" እንላለን፤ "የምን ስንት?" አንልም። ይህ የክፍል ውስጥ ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ በማርክ ይቀጣን ነበር። የሰው ገንዘብና የድሃ ሐቅ እጃችን ላይ ሲወድቅ ግን የአማና ጉዳይ ይሆናል።

የገዛ ቋንቋችንን ብናዳምጠው ከእኛ ቀድሞ ያውቃል። ጨርቅ ይለካል፤ እህል ይሰፈራል፤ ወርቅ ይመዘናል። ወርቅ ሰፈርኩ የሚል የለም፤ ጨርቅ መዘንኩ የሚልም ያስቃል። አያቶቻችን ለርዝመት ስንዝርና ክንድ ነበራቸው፤ ለእርሻ መሬት ስፋት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰውን ያህል፤ ለእህል ደግሞ ቁና። ክንድን ከቁና ጋር የሚያነጻጽር ገበሬ አልነበረም። በዐረብኛውም እንዲሁ ነው፤ ከይል መስፈር ነው፣ ወዝን መመዘን ነው። ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያጎድሉ ሰዎችን ስታስጠነቅቅ ሁለቱንም ለየብቻ ነው የምታነሳቸው፤ በስፍርም በሚዛንም። ሁለት የተለያዩ አማናዎች ናቸው፤ በሁለቱም እንጠየቃለን።

የምንጣፉ ነገር

ጣሳው የመጀመሪያው ስሕተታችን አልነበረም። ከዚያ በፊት ለመስገጃ ክፍላችን ምንጣፍ ስንገዛም ተሳስተናል። ክፍሉ 12 ሜትር በ8 ሜትር ነው። ሁለት ሱቅ ጠየቅን። አንዱ "ሜትሩ 2,000 ብር" አለን፤ ሌላው "ሜትሩ 600 ብር"። ጥራቱ ተመሳሳይ ነበር። ሁለት ጊዜ ሳናስብ 600 ወዳለው ሄድን። 96 ካሬ ሜትር በ600 ተባዝቶ 57,600 ብር ከፈልን።

የመጀመሪያው ነጋዴ "ሜትር" ያለው ግን የጥቅሉን ርዝመት ነበር። ጥቅሉ ደግሞ ወርዱ 4 ሜትር ነው። ከሱ 1 ሜትር ሲቆረጥ 4 ካሬ ሜትር ይሰጣል፤ ካሬው በ500 ብር ማለት ነው። 8 ሜትር ወርድ ያለውን ክፍላችንን ለመሸፈን እያንዳንዳቸው 12 ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች፣ በድምሩ 24 ሜትር ይበቁን ነበር። 24 በ2,000 ሲባዛ 48,000 ብር ነው። 9,600 ብር፣ ያውም ከዶርም ዶርም እየዞርን በ20 እና በ50 ብር የሰበሰብነው መዋጮ፣ "ሜትር" የሚል አንድ ቃል ውስጥ ጠፋ። ማንም አላጭበረበረንም። አንዱ የርዝመትን ዋጋ ነገረን፣ ሌላው የስፋትን፤ እኛ ሁለቱን እንደ አንድ አወዳደርን።

እዚህ ላይ ትምህርት ቤት እንዴት እንደተማርን ማስታወስ ተገቢ ነው። ኪሎ፣ ሄክቶ፣ ዴካ፣ ሜትር፣ ዴሲ፣ ሴንቲ፣ ሚሊ እያልን ደረጃውን በቃላችን ያዝን፤ ወደ ታች አንድ ደረጃ በወረድን ቁጥር አንድ ዜሮ መጨመር። ለርዝመት ትክክል ነው። ከዚያ ፈተና ላይ "1 ካሬ ሜትር ስንት ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው?" ሲባል ከመካከላችን ስንቱ 100 ብሎ ጽፏል? ወረቀት ላይ መሳል ብቻ በቂ ነበር። አንዱ ጎን 100 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላውም ጎን 100 ሴንቲ ሜትር፤ ስለዚህ በውስጡ 10,000 ትናንሽ ካሬዎች አሉ። ቁመት ስንጨምርበት 1 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በውስጡም 1,000,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ማለትም 1,000 ሊትር አለ። መቶ፣ አሥር ሺህ፣ ሚሊዮን። አንድ መስመር፣ አንድ ገጽ፣ አንድ ሳጥን። ሦስቱን በምናባችን ያላየ ሰው ዜሮ ሲቆጥር ይኖራል እንጂ አልተረዳም።

ሮቶውና ሁለቱ ቁላዎች

በአሁኑ ሴሚስተር ደግሞ የዉዱእ ውኃ ጉዳይ ተነስቷል። ያለን ሮቶ 1,000 ሊትር ነው፤ ለጁሙዓ አይበቃም። አንድ ወንድም በቅንነት "በቁመትም በወርድም እጥፍ የሆነውን እንግዛና እዚያው የብረት ማማ ላይ እናስቀምጠው፤ ውኃው እጥፍ ይሆንልናል" የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ሊጸድቅ ትንሽ ነበር የቀረው። ቁመቱም ወርዱም እጥፍ የሆነ በርሜል ግን ሁለት እጥፍ አይይዝም፤ ሁለት በሁለት በሁለት፣ ስምንት እጥፍ ነው የሚይዘው። 8,000 ሊትር ውኃ ደግሞ 8 ቶን ይመዝናል። ማማው የተሠራው ለ1 ቶን ነው። ከስሩ ማን እንደሚቆም እናውቃለን፤ ዉዱእ የሚያደርጉ እህትና ወንድሞቻችን። እዚህ ጋ ርዝመትንና ይዘትን መቀላቀል ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚያስከፍለው።

ይህ የርዝመትና የይዘት ግንኙነት ለፊቅህ ተማሪዎች እንግዳ ሊሆን አይገባም። በሻፊዒይ መዝሀብ ሁለት ቁላ የሞላ ውኃ ነጃሳ ቢነካውም ጣዕሙ፣ ቀለሙ ወይም ሽታው እስካልተለወጠ ድረስ አይነጀስም፤ ከዚያ ያነሰው ግን ይነጀሳል። ፉቀሃኦቹ ሁለት ቁላን ሲያስረዱ ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ጥልቀቱም አንድ ክንድ ከሩብ የሆነ ቦታ የሚይዘው ውኃ ብለዋል። ክንዱን 48 ሴንቲ ሜትር ብንይዝ፣ አንድ ክንድ ከሩብ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 60 በ60 በ60 ሲባዛ 216,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ማለትም 216 ሊትር ነው። ክንዱን 46 ሴንቲ ሜትር ብንይዝ ደግሞ ጎኑ 57.5 ሴንቲ ሜትር፣ ይዘቱ 190 ሊትር ገደማ ይሆናል። ክንዱ ላይ የነበረው የ2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከመቶ 4 ያህል ነው፤ ይዘቱ ላይ ሲደርስ ከመቶ 12 ሆነ። ከዛሬ ጸሐፊዎች አንዱ 190፣ ሌላው 216 ሲል ስናገኝ "ዑለማኦች ተምታቱ" ለማለት እንቸኩላለን። አልተምታቱም። በክንድ ላይ ያለ ትንሽ ልዩነት ወደ ኩብ ሲሄድ እንደሚሰፋ አለማስተዋላችን ነው።

ሐነፊዮች ዘንድ ደግሞ ብዙ ውኃን ከጥቂቱ ለመለየት የታወቀው መስፈርት አሥር ክንድ በአሥር ክንድ የሆነ ኩሬ ነው። ይህ ስፋት ነው። 48 ሴንቲ ሜትሩን ክንድ ከወሰድን 23 ካሬ ሜትር ገደማ ይመጣል። እንግዲህ በዶርማችን አንድ ማታ የተነሳውን ጥያቄ እንመልከት፤ "216 ሊትር ይበልጣል ወይስ 23 ካሬ ሜትር?" ጥያቄው ራሱ መልስ የለውም። የኩሬው ጥልቀት ሳይነገር ስፋት ወደ ይዘት አይለወጥም። 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው 2,300 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ጥልቀቱ ሲለወጥ ይህም ይለወጣል። ሁለቱ መዝሀቦች የተለያየ ቁጥር ሳይሆን የተለያየ ዓይነት ልክ ነው የተጠቀሙት። ይህን ሳንለይ መከራከር በጣሳውና በሚዛኑ ከተኮራረፉት ወንድሞች አይለየንም።

የቀደሙት እንዴት አደረጉ?

ወደ ሷዕ እንመለስ። ሷዕ አራት ሙድ ነው፤ ሙድ ደግሞ መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን አጣምሮ የሚያፍሰው ያህል ነው። ስለዚህ ሷዕ መስፈሪያ እንጂ ሚዛን አይደለም። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ተምር፣ ገብስና ዘቢብ ሁሉም በሷዕ ይሰፈሩ ነበር፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። "2.5 ኪሎ" የሚለው በኋላ ለእኛ እንዲመች ከስፍር ወደ ሚዛን የተተረጎመ ግምት ነው። ትርጉሙ እንደ እህሉ ዓይነት ይለያያል።

በዚህ ላይ ከኢማም አቡ ሐኒፋ ታላላቅ ተማሪዎች አንዱ ስለሆኑት ስለ አቡ ዩሱፍ የተዘገበ ታሪክ አለ። የኩፋ ሰዎች ሷዕን 8 ሪጥል ይሉ ነበር፤ የመዲና ሰዎች ደግሞ 5 ሪጥል ከሲሶ። አቡ ዩሱፍ መዲና መጥተው ከኢማም ማሊክ ጋር ሲነጋገሩ፣ የሙሃጂሮችና የአንሷር ልጆች ከአባቶቻቸው የወረሱትን ሷዕ ይዘው እንዲመጡ ተደረገ። እያንዳንዱ ከቤቱ ዕቃውን ይዞ መጣ። አቡ ዩሱፍ ለኩት፤ ዕቃዎቹም ተቀራራቢ፣ ልካቸውም 5 ሪጥል ከሲሶ አካባቢ ሆነው አገኟቸው። ከዚያም የቀድሞ አቋማቸውን ተዉ። ኢማም ማሊክ በ179 ሒጅሪያ፣ አቡ ዩሱፍ በ182 ሒጅሪያ ነው ያለፉት። ከዚያ ወዲህ ከ1,200 ዓመት በላይ አልፏል። እኛ ግን አሁንም ዕቃውን አምጥተን ከመለካት ይልቅ በቁጥር መጯጯህ ይቀለናል።

በሒሳቡም በኩል ባዶ እጃችንን አይደለንም። አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው የአልጀብራ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ስፋትና ይዘት ልኬት የሚናገር ክፍል አለ። መጽሐፉን ያዘጋጀውም ሰዎች በውርስ ክፍፍል፣ በንግድ፣ በመሬት ልኬትና በቦይ ቁፋሮ ለሚያስፈልጋቸው ሥራ ነበር። ዑመር አል-ኸይያም (1048–1131) ደግሞ በአልጀብራው ውስጥ ርዝመት ከርዝመት፣ ስፋት ከስፋት፣ ይዘት ከይዘት ጋር ብቻ እንዲደመርና እንዲወዳደር አጥብቆ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ፍሬሽ እያለን ፊዚክስ ላይ "የዳይሜንሽን ትንተና" ብለው ያስተማሩን መሠረቱ ይኸው ጥንቃቄ ነው፤ ከእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ያለው አንድ ዓይነት ካልሆነ ቀመሩ ሐሰት ነው።

"ስልክ አለ" ለሚሉን

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ስናነሳ "ስልኬ ላይ ሁሉንም የሚቀይር አፕ አለ" ይሉናል። አፑ ኪሎን ወደ ፓውንድ፣ ሜትርን ወደ ፊት ይቀይራል፤ እውነት ነው። የ3.25 ሊትር ገብስን ክብደት ግን እህሉ ምን እንደሆነ ካልነገራችሁት አይነግራችሁም። ነጋዴው "ሜትር" ያለው የቱን እንደሆነም አያውቅም። ጥያቄውን የሚያቀርበው ሰው ነው።

ጥያቄው ሲሳሳት የሠለጠነ ባለሙያም ይወድቃል። በሐምሌ 1983 እ.ኤ.አ. አንድ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 አውሮፕላን በ41,000 ጫማ ከፍታ ላይ እየበረረ ነዳጁ አለቀ። ለጉዞው 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልግ ነበር። ነዳጅ በሊትር ይሰፈራል፤ ለበረራ ግን የሚፈለገው ክብደቱ ነው። ሊትሩን ወደ ክብደት ሲለውጡ 0.8 አካባቢ በሆነው የኪሎ ግራም ቁጥር ፋንታ የፓውንዱን 1.77 ተጠቀሙ። ስለዚህ የነበራቸው 22,300 ፓውንድ፣ ማለትም 10,100 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነበር፤ ከሚያስፈልገው ከግማሽ በታች። ወረቀቱ ላይ ግን ቁጥሩ ልክ ይመስል ነበር። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር እያንሳፈፉ ጊምሊ በሚባል አሮጌ የአየር ኃይል ማረፊያ አሳረፉት፤ 69ኙም ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች በሕይወት ወጡ። የኛ ጣሳና የእነሱ አውሮፕላን ስሕተት አንድ ነው፤ ከስፍር ወደ ሚዛን ሲኬድ መሀል ላይ ያለችው ቁጥር።

ምን እናድርግ?

ከመጪው ረመዷን በፊት ጀመዓው እንዲወያይባቸው የምንፈልጋቸው አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ማንኛውም የኮሚቴ ሪፖርት ላይ ባዶ ቁጥር አይጻፍ። "ሜትር" ከሆነ የርዝመት ነው ወይስ ካሬ? "ጣሳ" ከሆነ የስንት ሊትር? የምን እህል? ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ጀመዓው የራሱ የሷዕ መስፈሪያ ይኑረው። መጠኑ ስንት ይሁን የሚለውን እኛ አንወስንም፤ መዝሀቦቹ በዚህ ላይ ልዩነት ስላላቸው ለኡስታዞቻችን አቅርበን እነሱ ይወስኑልን። ባለፈው የሰፈርንበት ጣሳ ይበቃ ነበር ወይ የሚለውንም አብረን እንጠይቅ። የእኛ ድርሻ ጥያቄውን አስተካክሎ ማቅረብ ነው፤ "ስንት ኪሎ?" ብለን ሳይሆን "ዕቃው ስንት ሊትር ይያዝ? በሚዛን ከሆነስ ለየእህሉ ስንት ይሁን?" ብለን።

ሦስተኛ፣ የሮቶው ግዢ ጉዳይ በሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎቻችን ተሰልቶ፣ ማማውም በባለሙያ ታይቶ እንጂ በእጅ ብልጫ አይወሰን። ክብደት በድምፅ አይቀንስም።

አራተኛ፣ የሳምንቱ ሐለቃችን አንድ ቀን ለዚህ ይዋል። ሜትር፣ የ1 ሊትር ጆግ፣ ትንሽ ሚዛን፣ ስንዴና ገብስ ይዘን እንቀመጥ። ሁለት እጃችንን አጣምረን አፍሰን ሙዳችን ስንት እንደሚሆን እንስፈር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውኃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል፤ ሙድ በጆግ ውስጥ የት ድረስ እንደሚደርስ በዓይናችን ብናይ ግን ቧንቧውን ከፍተን የምንተወው ስንቶቻችን እንሆናለን? በውኃ እጥረት ለምንማረር ተማሪዎች ይህ ብቻውን ከአዲስ ሮቶ የማይተናነስ ትምህርት ይሆናል።

በመጨረሻም ስለ ሁለቱ ወንድሞቻችን። አልሐምዱሊላህ ታርቀዋል። የታረቁት ግን በሽምግልና አልነበረም፤ ጣሳው፣ ሚዛኑና አንድ ኪሎ ገብስ ፊታቸው ቀርቦ ነው። አንዱ ሰፈረ፣ ሌላው መዘነ፤ ተያይተው ሳቁ። ሁለቱም ለድሃው ሐቅ የተቆረቆሩ ነበሩ፤ የጎደላቸው ልክን ከልክ መለየት ብቻ ነበር። አላህ በሚዛን እንዳናጎድል፣ በስፍርም እንዳንሳሳት ያግራልን።